ያላየሁትን ፓሪስ ያስጎበኘሁ ጊዜ

ተወልጄ ያደግሁት ፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማለቴ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለጋሲዮኑን ከጣለው ቆይቷል። አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ፈረንሳይ፣ ሁለት ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ ማንም ኪሱን ዳብሶ ፓስፖርት አይፈልግም። ተጋፍቶ ይገባል፣ ታክሲው በቀበና በኩል ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ መስኮቱን ተደግፎ ያንቀላፋል፣ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። እንዲህ በየቀኑ ፈረንሳይ ገብቶ የሚወጣ ሰው የባሕር ማዶዋ ፈረንሳይ ስትነሳ ትንሽ የባለቤትነት ስሜት ቢያድርበት አይፈረድበትም። እኔ ላይ ግን ትንሽ በዛ።

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ለሁለት ዓመት ትምህርት ሆላንድ ተላክሁ። ከእኔ በፊት የተመረጡት ሁለት ባልደረቦቼ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ስላላለፉ ነው ዕድሉ ለእኔ የደረሰኝ፤ እናቴ ስታወራው ግን ይህን ክፍል ትዘለዋለች። የሄድኩባት ከተማ ስሟን ብጠራው ሆላንዶቹ ራሳቸው «የት ነው እሱ ደግሞ?» የሚሏት ናት። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የውሃ ቦይ፣ አንድ ርካሽ ሱፐርማርኬትና ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ነፋስ አላት።

እናቴ እሑድ እሑድ ከኪዳነ ምሕረት ስትመለስ ትደውልልኛለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ በሳምንቱ ምን አየሽ? ለእሷ አውሮፓ አንድ ግቢ ናት፤ ሮም በሩ አጠገብ፣ ፓሪስ ከጓሮ፣ እኔ ደግሞ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ለማየት የሰነፍኩ። አምስት ወር ሙሉ ትምህርት በዝቶብኝ ነው እያልኩ አሳለፍኳት። እሷም በበኩሏ የማን ልጅ ካናዳ ሆና ፏፏቴ እንዳየች፣ የማን ልጅ ዱባይ ላይ ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደወጣ ትነግረኝ ነበር። በስድስተኛው ወር ከእኔ ጋር ኩሽና የምትጋራ ተማሪ ፓሪስ ደርሳ መጣችና የኤፍል ታወርን ፎቶ ላከችልኝ። እኔም ብዙ ሳላስብበት ለእናቴ አስተላለፍኩት። ወዲያው ደወለች።

«አንቺ የታለሽ?» አለችኝ።

«አንሺዋ እኔ ነኛ» አልኳት።

በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። በሳምንቱ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ፣ መስታወት ገብቶለት፣ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቀለ። ጎረቤት እየመጣ አየው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀጠለ፤ ውሸት ብቻውን ሲሆን ይበርደዋል መሰለኝ ጓደኛ ይፈልጋል። ብራስልስ ሄድኩ፣ ኮሎኝ ሄድኩ፣ ሁሉንም ከአልጋዬ ሳልነሳ። እውነቱን ለመናገር በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከዚያች ከተማ ውጭ ያየሁት የአምስተርዳምን አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነበር፤ እሱንም የመጣሁ ቀን።

ይህ ሁሉ በሰላም ያልፍ ነበር፣ ጓደኛዬ ባትመጣ ኖሮ።

ከእሷ ጋር አንድ አጥር እየተጋራን ነው ያደግነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። እሷ ጴንጤ ናት፣ መዘምራን ውስጥ አለች፤ እኔ በእናቴ በኩል የኪዳነ ምሕረት ነኝ፤ በዚህ ሠላሳ ዓመት ተከራክረን ማንም ማንንም አላሸነፈም። ቀበና በኩል ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አውሮፓን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስትስል፣ ወንዞቹን በሰማያዊ፣ ተራሮቹን በቡናማ ስታቀልም ኖራለች፤ ከሞጆ ወዲያ ግን ወጥታ አታውቅም ነበር። ትምህርት ቤቷ ከአንድ የጀርመን ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ፈጠረና ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተጋበዘች። ከሥልጠናው በኋላ ቪዛዋ ላይ ስድስት ቀን ይተርፋል። ደወለችልኝና ዕቅዷን ነገረችኝ፦ ኮሎኝ እንገናኛለን፣ ከዚያ ብራስልስ፣ ከዚያ ፓሪስ፣ በመጨረሻ አምስተርዳም፣ ከዚያው በረራ።

«አንቺ ሁሉንም ስለምታውቂያቸው እኔ ምንም ማንበብ አላስፈለገኝም» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ትምህርቴን ትቼ ቪዲዮ ተመለከትኩ። አንድ ደብተር ገዝቼ በየከተማው የሚታየውን፣ ባቡሩን፣ የሚበላውን፣ «እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ሌባ አለ» የሚባልበትን ቦታ ሳይቀር ጻፍኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንደዚያ ተግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

ኮሎኝ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን። ወፈር ያለ ጃኬት ለብሳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ የሰፈር ሽታ ይዛ መጣች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ከዚያ አስጎብኚነቴ ተጀመረ። የከተማው ታላቁ ካቴድራል ከጣቢያው ብዙም እንደማይርቅ በደብተሬ ጽፌያለሁ። ምን ያህል እንደማይርቅ ግን አልጻፍኩም። ልበ ሙሉ ሆኜ በአንዱ በር አወጣኋት፤ ለካ የጀርባው በር ኖሯል። ወንዙን ይዘን ሄድን። እኔ ስለ ራይን ወንዝ አንድ ሁለት ነገር ጣል አደረግሁ፤ እሷ ከየት ተነስቶ በስንት አገር አልፎ የት እንደሚገባ ጨመረችበት። የወንዙን ዳር ንጣፍና የብስክሌቱን መንገድ አይታ፣ ቀበና ወንዝ ዳርም አሁን እንዲህ እየተነጠፈ ነው፣ መብራቱ እንዲያውም ከዚህ ይበልጣል አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ቆም ብላ ዞረች።

«ከኋላችን የሚከተለን ይሄ ትልቅ ነገር ምንድን ነው?»

ዞሬ ሳይ ሁለት ጥቁር፣ ሾጣጣ ማማዎች ከጣቢያው ጣሪያ በላይ ሰማይ ጠቀስ ሆነው ቆመዋል። ካቴድራሉ ከጣቢያው ጋር የተለጠፈ ያህል ነው። በትክክለኛው በር ብንወጣ ኖሮ በግንባራችን እንገጨው ነበር።

«እሱ ነዋ። መጀመሪያ ከሩቅ እንድታዪው ብዬ ነው በዚህ ያመጣሁሽ» አልኳት።

«እንዲህ ነው እንጂ ማስጎብኘት» አለችና ሻንጣዋን ወደመጣንበት አዞረች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ፊት ነው፤ ምንም ሳይኖርበት ሲቀር መጠርጠር ነበረብኝ።

ማማው ላይ እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በደብተሬ «የማይቀር» ብዬ አስምሬበት ስለነበር። ደረጃው ጠባብና ጥምዝምዝ ነው፤ አያልቅም። ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ጋር እንጦጦ ጫካ ድረስ በእግሯ ወጥታ የምትጸልይ ሴት ናት። እየዘመረች ወጣች። እኔ የባሕር ወለል የለመደ ሳንባ ይዤ ግማሽ ላይ ግድግዳ ታክኬ ቀረሁ፤ የጀርመን ሽማግሌዎች በትሕትና ይቅርታ እየጠየቁ አለፉኝ። ስትወርድ እዚያው አገኘችኝ። ላይ ምን እንዳለ ጠየቅኋት፤ ከዚህ በፊት አይተሽው የለም ወይ አለችኝ፤ ደመና ስለነበር በደንብ አላየሁትም አልኳት። አያችሁ፣ መልስ አላጣም ነበር።

ብራስልስ ዘነበብን። እዚያ ከተማ ሄዶ ሳያዩት የማይመጡት ነገር አንዲት ጠባብ መንገድ ጥግ ላይ የቆመ፣ ራቁቱን የሆነ፣ ሽንቱን የሚሸና የነሐስ ሕፃን ነው። ቪዲዮው ላይ ትልቅ መስሎኝ ነበር። ስንደርስ ከአንድ ጀሪካን አይበልጥም። ዙሪያውን ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ተጋፍቶ ፎቶ ያነሳል። ጓደኛዬ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እኛ ጋ ግድግዳው ላይ እዚህ መሽናት በሕግ ያስቀጣል ብለን እንጽፋለን» አለችኝ በመጨረሻ። «ለካ ነሐስ አፍስሰን ብናቆማቸው ኖሮ እስካሁን ሀብታም ነበርን።»

እኔም የሕፃኑን ታሪክ ከደብተሬ ያነበብኩትን ያህል ነገርኳት። አንድ ጦርነት ነበር፣ ወይም እሳት ተነስቶ ነበር፣ ሕፃኑ አጠፋው። ሦስት ዓይነት ታሪክ ጽፌ ስለነበር ተቀላቀለብኝና ጦርነቱን በሽንት አስቆምኩት። አልተከራከረችኝም። ካልሲያችን ረጥቦ አንድ በረንዳ ስር ቆመን የተጠበሰ ድንች በላን። ያ ድንች፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ጥሩ ነበር።

ፓሪስ ጠዋት በአውቶቡስ ገባን። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ውርደት ስለሆነ በቶሎ ልለፈው። በመሬት ውስጥ ባቡር ተሳፈርን፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። ሦስት ጣቢያ ከሄድን በኋላ ጓደኛዬ ካርታው ላይ ያሉትን ስሞች ቀስ ብላ አነበበችና መውረድ እንዳለብን ነገረችኝ። ወጣን። የት እንዳለን አላወቅሁም። ደብተሬን ባወጣ ከብራስልስ ዝናብ የተረፈው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ ፓሪስ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆናለች። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል።

«ሴን ወንዝ ወደ ምዕራብ ነው የሚፈሰው» አለች፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊት እንደቆመች ሁሉ። «የኤፍል ግንቡ ደግሞ ምዕራብ በኩል ነው። ውሃውን እንከተል።»

ውሃውን ተከተልን። አስጎብኚዋ ከኋላ፣ ጎብኚዋ ከፊት። ወንዙ ዳር የሚያልቅ የማይመስል ረጅም ሕንፃ ጎን ስንደርስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው አልኳት። ትንሽ እልፍ ብለን አንድ ሰሌዳ አገኘን፤ ቆማ አነበበችው። ሉቭር ሙዚየም ይላል። ወደ እኔ ዞር አላለችም፤ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሕንፃ አልጠየቀችኝም።

ግንቡ ስር ስንደርስ እግሬ ተልጦ ነበር። እኔ ደርሰናል፣ አይተናል፣ አሁን እንቀመጥ ባይ ነኝ። እሷ ግን ስልኳን አወጣች። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ አንስታው ኖሯል። እናቴ አደራ ብላታለች፦ ልጄ ቆማ ያነሳችበት ቦታ ላይ ቆመሽ ተነሺልኝ ብላ።

«እስኪ የቆምሽበት ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ግንቡን ዞርኩት። በዚህ ነው፣ አይደለም፣ በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም፣ ያኔ ዛፉ አልነበረም፣ አጥሩን አሁን ነው የሠሩት። የቁልፍ መያዣ የሚሸጡት ሰዎች ሁለተኛ ዙር ላይ ሰላምታ ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ዋጋ ቀነሱልኝ። ጓደኛዬ ፎቶውንና ግንቡን እያስተያየች ቆየች። ፎቶው ከፍ ካለ ቦታ ነው የተነሳው አለች፤ ከፊት ለፊቱ ድልድይ ይታያል፤ ስለዚህ ያነሳው ሰው የቆመው ከወንዙ ማዶ፣ እዚያ ከፍታው ላይ ነው። እጄን ይዛ ድልድዩን አሻገረችኝ፣ ደረጃውን አስወጣችኝ። ሰፊ ሰገነት ላይ ስንደርስ ዞር አልን። ፎቶው እንዳለ ፊታችን ተዘረጋ።

አንሺኝ አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። አነሳኋት። መጥታ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺ እዚህ መጥተሽ አታውቂም» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ሁለት ሦስት መልስ አፌ ላይ መጣ። ደክሞኝ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«ብራስልስም?»

«ብራስልስም።»

«ኮሎኝን በዚያው ቀን አውቄዋለሁ» አለች።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እኔ ራሴ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም፤ ተቆጣች። በመጀመሪያው ዓመት የብርዱ ወቅት ሲገባ በየሁለት ቀኑ ትደውልልኝ እንደነበር አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው። እናቴ ቤት ስትሄድ፣ ልጄ ፓሪስ ናት፣ ልጄ ብራስልስ ናት ትባላለች። ሥራና ጉብኝት በዝቶባታል፣ እኔ ደግሞ ስለ ቀበና ጭቃ ምን እነግራታለሁ ብላ መደወሉን ቀነሰችው። እኔም በበኩሌ ረሳችኝ ብዬ አኩርፌ ነበር።

«ደስ ብሎሽ የምትዞሪ መስሎኝ እኮ ነው የተውኩሽ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ወር ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ?»

ነበርኩ። በአሥር ሰዓት እንደሚጨልም ነገርኳት። እሑድ የእናቴ ስልክ ከተዘጋ በኋላ እስከ ሰኞ ክፍል ድረስ ድምፄን የምሰማው ስስል ብቻ እንደነበር ነገርኳት። ይህን ስናገር እንባዬ መጣ፤ ፊት ለፊታችን ሙሽሮች ነጭ ቀሚስ እያርገበገቡ ፎቶ ይነሳሉ፤ የእኛ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ መነፋረቅ ምስሉን አበላሽቶባቸው መሆን አለበት፣ ፎቶ አንሺያቸው ትንሽ ፈቀቅ በሉ ብሎ በእጁ አሳየን። ፈቀቅ አልን።

«ነገ የት ነበር?» አለችኝ ጓደኛዬ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አምስተርዳም ነው አልኳት። በጀልባ ልንዞር አስቤ ነበር።

«ተዪው። የምትኖሪበትን አሳዪኝ።»

ለማምለጥ ሞከርኩ። የሚታይ ነገር የለም፣ ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ነፋስ ብቻ ነው ያለው አልኳት። ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ የባሰ ነገር ካለ ማየት እፈልጋለሁ አለችኝ። በማግስቱ ባቡር ተሳፍረን እኔ ወደምኖርባት፣ ስሟን ማንም ወደማያውቃት ከተማ ሄድን።

ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው በር አወጣኋት፤ ጣቢያው ያለው አንድ በር ብቻ ስለሆነ። ክፍሌን አየች። ከአልጋው ወደ ጠረጴዛው ለመሄድ መነሳት እንደማያስፈልግ በተግባር አሳየኋት። የጋራ ኩሽናውን አየች፤ እያንዳንዱ እንቁላል ላይ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፣ ያንን ፎቶ አነሳችው። ምድር ቤት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል አየች። እዚያ ውስጥ ሙቀት ስላለ በብርዱ ጊዜ የሚታጠብ ልብስ ሳይኖረኝም ወርጄ መጽሐፍ አነብ እንደነበር ነገርኳት። አንዱን ማሽን በመዳፏ ዳሰሰችው። ሱፐርማርኬቱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነገ የሚበላሸውን ምግብ በግማሽ ዋጋ የሚያወጣበትን መደርደሪያ አሳየኋት፤ የትኛው ዳቦ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ የትኛው አይብ እንደማይነካ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደብተር አላስፈለገኝም። ከኮሎኝ እስከ ፓሪስ አንድም ጊዜ እንደዚያ በእርግጠኝነት አልተናገርኩም ነበር።

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከቦዩ ማዶ፣ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ሁልጊዜ ቡናማ ውሻቸውን ይዘው ይወጣሉ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያወራነው «ነፋስ አለ»፣ «አዎ፣ አለ» ብቻ ነው። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ተገናኘን። ነፋስ አለ አሉኝ፣ አዎ አለ አልኳቸው። ጓደኛዬ ግን ይህ ሰላምታ መሆኑ አልገባትም። ቆማ እጃቸውን ጨበጠችና በእንግሊዝኛዋ እንደ ሰፈሯ ጀመረች፦ እንዴት ነዎት፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎ ደህና ናቸው ወይ፣ ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ውሻውስ። እኔ በሐፍረት ውሃውን እመለከታለሁ። ሰውዬው እጃቸው በእጇ ውስጥ እንዳለ ወደ ውሻው አዩ። ከዚያ ባለቤታቸው ያለፈው ዓመት፣ የብርዱ ወቅት ላይ፣ እንደሞቱባቸው ነገሯት።

ያለፈው ዓመት፣ የብርዱ ወቅት። እኔ መስኮቴ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሳቸው መስኮታቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ በመሐላችን አሥር እርምጃ የማይሞላ ውሃ ብቻ ነበር። ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም፤ እኔም ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም፤ ሁለታችንም ስለ ነፋሱ ግን ተስማምተን ኖርን።

ጓደኛዬ እጃቸውን አልለቀቀችም። እግዚአብሔር ያጽናዎት የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትለው ጠፍቷት በአማርኛ ነገረቻቸው። ገባቸው መሰለኝ። ወደ ቤት መግባታቸውን ትተው አብረውን ሄዱ፤ ከተማዋን ያስጎበኙን እሳቸው ናቸው። በየቀኑ የማልፍበት ጥግ ላይ ያለው ትንሽ የጡብ ቤት ድሮ የዓሣ ማጨሻ ነበር። የቦዩ ውሃ በልጅነታቸው በረዶ ይሆን ነበርና ባለቤታቸውን ያገኙት በላዩ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቃባቸው ነው። ባለቤታቸው ይሉ እንደነበር ግን የወደቁት እሳቸው ናቸው። ሲያወሩ ውሻው ገመዱን ይጎትታል፤ ጓደኛዬ፣ ሰፈር ውስጥ ውሻ ስታይ መንገድ የምትቀይረው ሴት፣ ገመዱን ተቀብላ ያዘችላቸው። ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ድረስ ረቡዕ ረቡዕ እሳቸው ቤት ሻይ እጠጣ ነበር። እስከዚያ ቀን ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘኋት። አምስተርዳምን ያየነው በባቡር መስኮት ነው፤ ብዙ ብስክሌት አለ። ስንሰነባበት እናትሽን ምን ልበላት አለችኝ። አንቺ ብቻ ዝም በያት፣ ስመጣ እኔ እነግራታለሁ አልኩ።

ዝም አላለቻትም። ስድስት ወር ቆይቼ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ እናቴ እሑድ ምሳ አዘጋጅታ ጎረቤቱን ጠራች። ጓደኛዬ እንግዶቹ መሐል ተቀምጣለች። ያኔ ነው በሌለሁበት ምን እንደተሠራልኝ የሰማሁት። ፓሪስን መንገድ ለመንገድ እንደማውቃት፣ በመሬት ውስጥ ባቡር ዓይኔን ጨፍኜ እንደምሄድ፣ ግንቡ ስር ያሉት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሰላም እንደሚሉኝ ነግራቸዋለች። የመጨረሻው፣ ከተባለ፣ እውነት ነው። ሁሉንም ፊቷ ላይ ምንም ሳይኖር ነው ያወራችው። እኔን ልትሸፍን ብላ በጸሎት የምትኖር ሴት ስድስት ወር ሙሉ ዋሽታለች፤ ኃጢአቱ በማን ሂሳብ እንደሚጻፍ እስከዛሬ ተከራክረን አልጨረስንም።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ድሮ እንጦጦ ማዶ ያርሱ የነበሩና ኋላ የዘበኝነት ሥራ የያዙ አባት፣ ወደ እኔ ዞር አሉ። መጀመሪያ ፓሪስ ስትገቢ ምን ተሰማሽ፣ ልጄ አሉኝ። ሁሉም እጁን ከትሪው አነሳ። ጓደኛዬ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«ጠፋሁ፣ አባባ» አልኳቸው። «መጀመሪያም መጨረሻም የሄድኩት ከእሷ ጋር ነው። መንገዱን ያሳየችኝ እሷ ናት። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ አይደለሁም።»

እናቴ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጓደኛዬ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ስድስት ወር የገነባሁትን በአንድ ጉርሻ አፈረስሽው» አለችኝ።

አባባ ብቻ ናቸው የሳቁት። እሳቸውም መጀመሪያ አዲስ አበባ መሐል ሲወርዱ ፒያሳን ፍለጋ ሦስት ጊዜ እንደዞሩና ቤት ተመልሰው አይቻታለሁ እንዳሉ አወሩ። ምሳው በእሳቸው ጨዋታ አለቀ።

እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በመዋሸቴ አልነበረም። ሰው ፊት በመናገሬ ነው፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አለች። ከፋኝ፣ ብቸኝነቱን ላስረዳት ሞከርኩ። ሰማችኝ፣ ምን ትበዪ ነበር ብላ ጠየቀችኝ፣ የግማሽ ዋጋውን መደርደሪያ ስነግራት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ኩርፊያው አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት ከበሩ ውጭ ከአትክልት ነጋዴዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ድንች እየመረጠች ነው።

«የሌላው ሰው ልጅ ፓሪስ ሲዞር» ትላለች፣ «የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ላይ ቀና አላለችም። አንድ ቀን እንኳ ዞር ዞር ልበል አላለችም።»

ነጋዴዋ የተባረከች ልጅ ናት አለቻት። ወጥቼ፣ ያን የብርድ ወቅት አብዛኛውን ያሳለፍኩት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ስመለከት እንደነበር ልነግራቸው በሩን ያዝኩ። ከዚያ ለቀቅሁት። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እውነት መናገር ለእናቴም ለእኔም ይከብደናል።